ከስምንት እጥፍ ያላለፈው መነጽር

በ1894 በጀርመን የና ከተማ የሚገኘው የካርል ዛይስ ፋብሪካ የመጀመሪያዎቹን የፕሪዝም ባይኖኩላሮች ለገበያ ሲያቀርብ ምርጫው ሦስት ነበር፤ አራት እጥፍ፣ ስድስት እጥፍና ስምንት እጥፍ የሚያቀርቡ። በ2020 የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ ኦፕቲክ፣ ዛሬ በወፍ ተመልካቾች ዘንድ ከምርጦቹ ተርታ የሚጠራውን ኤንኤል ፒዩር ሲያወጣም ከሞዴሎቹ አንዱ ያው ስምንት እጥፍ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በመካከሉ ባለው 126 ዓመት መስታወቱ፣ ቅቡ፣ ፕሪዝሙና አካሉ ሌላ ሆነዋል፤ የማቅረብ ኃይሉ ግን ባለበት ቆሟል። ይህ የሆነው በስንፍና አይደለም። በእጅ የሚያዝ መነጽር ወፏን ባቀረበ ቁጥር የእጅን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ያጎላል፤ የሚታየው ስፍራ ይጠባል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ስምንትና አሥር እጥፍ የሰው ክንድ የሚችለው ልክ ነው። ስለዚህ ውድ ባይኖኩላሮችን “የትኛው የበለጠ ያቀርባል?” ብሎ ማወዳደር ከመነሻው አያዋጣም። የዚህ መሣሪያ ታሪክ በዓይንና በወፍ መካከል የሚቆሙ እንቅፋቶችን አንድ በአንድ የማንሳት ታሪክ ነው። ትልልቆቹ እንቅፋቶች ቀድመው ተነሥተዋል፤ የቀሩት ትንንሾቹ ናቸው። ዛሬ ከ3000 ዶላር በላይ የሚጠየቅባቸው መነጽሮች ዋጋ በአብዛኛው የሚከፈለው ለእነዚህ ትንንሾች ነው። ይህን ሳያውቁ ማወዳደር ዋጋን ከዕይታ ጋር ማምታታት ነው።

የመሣሪያው ልደት ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በ1608 ሃንስ ሊፐርሃይ የተባለ የሚድልበርግ ከተማ መነጽር ሠሪ፣ ሩቁን የሚያሳይ ቱቦ ይዞ ሄግ በሚገኘው የኔዘርላንድ ምክር ቤት ፊት ቀረበና የፈጠራ መብት ጠየቀ። ምክር ቤቱ በሁለት ዓይን የሚታይበት አድርጎ እንዲሠራው አዘዘው። ሊፐርሃይ ሠርቶ አስረከበ፤ የድካሙንም ዋጋ ተቀበለ። የፈጠራ መብቱን ግን ሙያውን ሌሎችም ያውቁታል ተብሎ ተነፈገ። እንግዲህ ባለ ሁለት ዓይኑ መነጽር የቴሌስኮፕ እኩያ ነው ማለት ይቻላል። እኩያው ይሁን እንጂ ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ ከአሻንጉሊትነት ብዙም አልራቀም። ፊቱ ላይ ጎባጣ፣ ዓይኑ ጋ ደግሞ ሰርጓዳ ሌንስ የሚገጠምለት ይህ ዓይነቱ መነጽር ምስሉን ሳይገለብጥ ያሳያል፤ ነገር ግን ከሦስት ወይም ከአራት እጥፍ በላይ እንዲያቀርብ ከተፈለገ በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት ይሆናል። በዚህ ምክንያት በ19ኛው መቶ ዓመት ዋነኛ ቤቱ ቴአትር ቤት ሆነ። መድረኩ አይንቀሳቀስም፤ ተዋናዩ ያለበት ቦታ ይታወቃል፤ መብራቱም በቂ ነው። ወፍ ከእነዚህ አንዱንም አታሟላም።

ስለዚህ በዚያ ዘመን አዕዋፍን የሚያጠና ሰው ዋና መሣሪያው ጠመንጃ ነበር። አሜሪካዊው ኤሊየት ኩውስ በ1870ዎቹ ለጀማሪ ተመራማሪዎች ባዘጋጀው መመሪያ ከዕቃው ሁሉ ያስቀደመው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃን ነው። ምክሩን በጭካኔ ብቻ መተርጎም ተገቢ አይደለም። በቅጠል መካከል ለቅጽበት ብልጭ ብላ የምትሰወርን ወፍ በባዶ ዓይን ለይቶ ስም መስጠት አይቻልም ነበር። የክንፏን መስመር፣ የጉሮሮዋን ቀለም፣ የምንቃሯን ርዝመት ለማየት እጅ ላይ መግባት ነበረባት። ጠመንጃውን ያስጠላው ከሳይንስ ይልቅ ፋሽን ነው። በ1886 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ አሜሪካዊ በኒው ዮርክ ጎዳናዎች እየተዘዋወረ የሴቶችን ባርኔጣ ሲቆጥር ከ700ዎቹ 542ቱ በወፍ ላባ ያጌጡ ሆነው አገኛቸው። ይህን ንግድ በመቃወም በ1889 እንግሊዝ ውስጥ፣ በ1896 ደግሞ በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ሴቶች የመሩት የአዕዋፍ ጥበቃ ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው በ1889 ፍሎረንስ ሜሪያም ወፎችን በቴአትር መነጽር ስለመመልከት የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመች፤ በ1901 ደግሞ ቀድሞ ተኳሽ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሴሉስ መተኮሱን ትቶ ስለ ወፍ ምልከታ ጻፈ። ጠመንጃው ይሠራ የነበረውን ሥራ መነጽሩ እንዲረከብ ተፈለገ ማለት ነው። ፍላጎቱ ቀድሞ መጣ፤ መሣሪያው ግን ገና ነበር።

መሣሪያውን ብቁ ያደረገው አዲስ ሐሳብ ሳይሆን አዲስ መስታወት ነው። ሐሳቡማ ከ1854 ጀምሮ ነበር። ጎባጣ ሌንስ ከጎባጣ ሌንስ ጋር ሲጣመር ሰፊ ዕይታ ይሰጣል፤ ምስሉን ግን ይገለብጠዋል። ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ፖሮ ሁለት ፕሪዝሞችን አቀናጅቶ የተገለበጠውን ምስል መልሶ አቀናው። ብርሃኑ በፕሪዝሞቹ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ስለሚሄድም ረጅሙ ቱቦ በአንድ ጊዜ አጠረ። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር። በተግባር ግን የዘመኑ መስታወት እንዲህ ላለ ረጅም የውስጥ ጉዞ የሚሆን ጥራት አልነበረውም። የዛይስ ፋብሪካ ሳይንሳዊ አእምሮ የነበረው ኤርንስት አቤ የፖሮን ሥራ ሳያውቅ ወደዚያው መፍትሔ ደርሶ በ1873 በቪየና ዐውደ ርእይ ናሙናውን ቢያሳይም፣ በዚሁ የመስታወት ችግር ምክንያት ሥራውን አቆየው። ነገሩ የተፈታው ኦቶ ሾት በ1884 እዚያው የና ላይ የመስታወት ፋብሪካ ሲከፍትና ለብርሃን ሥራ የሚመቹ አዳዲስ መስታወቶችን ማቅለጥ ሲጀምር ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ባይኖኩላሩ ገበያ ወጣ። ፕሪዝሙ ራሱ የፖሮ ስለነበር ዛይስ የፈጠራ መብት ያገኘው የፊት ሌንሶቹ ከዓይኖቹ ርቀት በላይ ተራርቀው የምስሉን ጥልቀት በማጉላታቸው ነው፤ መብቱም እስከ 1908 ድረስ ተፎካካሪዎቹን አስሮ ያዘ። ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር አለ። በዚህ ሙያ ጥበብን ወደኋላ የሚይዛት ብዙ ጊዜ የማቴሪያል እጥረት ነው፤ ማቴሪያሉ ሲገኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚገዛው ባለጠጋው ነው።

ከባለጠጋው ቀጥሎ የገዛው ጦር ሠራዊቱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ብሪታንያ የሚያስፈልጋትን የኦፕቲክስ መስታወት በብዛት የምታስገባው ከዚያችው ከጀርመን ነበር። ጦርነቱ ሲፈነዳ እጥረቱ ስለከፋ በ1914 አንጋፋው ፊልድ ማርሻል ሎርድ ሮበርትስ ሕዝቡ የግል መነጽሩን ለወታደሩ እንዲያውስ ተማጸኑ። አሜሪካም ጦርነቱን ስትቀላቀል በባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ተመሳሳይ ጥሪ አስተላለፈ። ወታደሩ ግን የሚመለከተው እንደ ወፍ ተመልካቹ አይደለም። የወታደሩ ዒላማ ከአድማስ ወዲህ በመቶዎች ወይም በሺዎች ሜትር ላይ ያለ ነገር ነው፤ መነጽሩን አንዴ ካስተካከለው ብዙም አይነካውም። ስለዚህ ለወታደር የተሠራው መነጽር እያንዳንዱ የዓይን ሌንስ ለየብቻው የሚስተካከልበት፣ ጠንካራና ከባድ ነበር። ወፏ በአንጻሩ አሁን ሦስት ሜትር ላይ ካለ ቁጥቋጦ ተነሥታ ወዲያው ሰማይ ላይ ትሆናለች። ከጦርነቱ በኋላ በ1920 ዛይስ ያወጣው ዴልትሪንተም የተባለው 8×30 (ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ) መነጽር ለሲቪሉ ተጠቃሚ ትልቅ እፎይታ የሆነው መሀል ላይ ባለ አንድ መዘውር ሁለቱንም ዓይን ስለሚያስተካክል ነው። በ1000 ሜትር ርቀት ላይ 150 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዴልትሪንተም ስምንት እጥፍ ነበር፣ ዕይታውም ሰፊ ነበር። ታዲያ ምን ጎደለው? ብርሃን። ያልተቀባ መስታወት በአንድ ገጹ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን አራት በመቶ ያህሉን ወደመጣበት ይመልሰዋል። አራት በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ መነጽር ውስጥ ብርሃኑ ከአየር ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ አየር አሥር ጊዜ ያህል ይሻገራል። በየመሻገሪያው አራት አራት በመቶ ሲቀነስ መጨረሻ ላይ ዓይን ዘንድ የሚደርሰው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነው። የባሰው ደግሞ የጠፋው ብርሃን በእርግጥ አለመጥፋቱ ነው። ከገጽ ገጽ እየተላተመ ቱቦው ውስጥ ይንከራተትና በምስሉ ላይ እንደ ጭጋግ ይነጠፋል፤ ጥቁሩን ግራጫ፣ ደማቁን ፈዛዛ ያደርገዋል። በ1935 የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ በሌንሱ ገጽ ላይ እጅግ ስስ ቅብ በማሳረፍ ነጸብራቁን የሚቀንስበትን ዘዴ አገኘ። ግኝቱ የጦር ምስጢር ሆኖ ተያዘ፤ ተራው ገዢ የደረሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አንድ ስስ ንብርብር የየገጹን ኪሳራ ወደ አንድ ተኩል በመቶ ገደማ ሲያወርደው፣ በኋላ የመጡት ብዙ ንብርብር ያላቸው ቅቦች ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች አደረሱት። ለወፍ ተመልካች ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ በመሣሪያው ታሪክ አልታየም፤ ሆኖም በመነጽሩ አካል ላይ ከሚጻፉት ቁጥሮች አንዱንም አልለወጠም። 8×30 ያው 8×30 ነው።

በዚሁ ዘመን ሌላ ነገር ተወለደ፤ መነጽሩ ምን እንዲያሳይ እንደሚፈለግ የሚወስን መጽሐፍ። በ1934 አሜሪካዊው ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን ያሳተመው የወፎች መለያ መመሪያ በመጀመሪያ የታተመው 2000 ቅጂ ብቻ ሲሆን ወዲያው አለቀ። የፒተርሰን ዘዴ ቀላል ነበር። ወፏን ከራስ እስከ ጅራት ከመግለጽ ይልቅ ከሌሎች የሚለያትን አንድ ወይም ሁለት ምልክት በቀስት አመለከተ፤ በክንፏ ላይ ያለውን ነጭ መስመር፣ በዓይኗ ዙሪያ ያለውን ቀለበት። ከዚህ ወዲያ ወፍን ለመለየት መግደል እንደማያስፈልግ በሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ሰዎች በተግባር አረጋገጡ። ነገር ግን መጽሐፉ በመነጽሩ ላይ አዲስ ሸክም ጫነ። ወታደሩ የሚፈልገው ያ ነገር ታንክ ነው ወይስ ጋሪ የሚለውን ነው። የፒተርሰን አንባቢ ግን በማለዳ ብርሃን፣ በጥላ ውስጥ፣ የወይራ ቀለም ያለው ላባ ከግራጫው የሚለይበትን ድንበር ማየት አለበት። የቀለም ታማኝነት፣ የመስመር ጥራት፣ ፈጥኖ መስተካከልና በቅርብ ማየት መቻል የወፍ ተመልካች ጥያቄዎች ሆነው የመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ዋጋና ዕይታ አንድ አለመሆናቸውን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። በ1945 የአሜሪካ ጦር የናን ለሶቪየት ኅብረት ለቅቆ ሲወጣ 84 የዛይስ ባለሙያዎችን ይዞ ሄደ፤ እነሱም በምዕራብ ጀርመን ኦበርኮኽን ላይ አዲስ ዛይስ መሠረቱ። አንድ ስም የያዙ ሁለት ፋብሪካዎች በሁለት ዓለም ቆሙ። የምሥራቁ የፖሮን ፕሪዝም እንደያዘ ሲቀጥል፣ በምዕራብ በ1960ዎቹ ላይትዝ ትሪኖቪድን፣ ዛይስ ደግሞ ዲያሊትን አወጡ። ሁለቱም ቀጥ ያሉ፣ ቀጫጭንና ለእጅ የሚመቹ ነበሩ፤ ምክንያቱም የተሠሩት ባለ ጣሪያ በሚባለው ፕሪዝም ነው። ይህን ፕሪዝም ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሁለት ገጾቹ እንደ ቤት ጣሪያ በዘጠና ዲግሪ ይገናኛሉ፤ የመገናኛው ጠርዝ የሚያርፈው ልክ በብርሃኑ መንገድ መሀል ላይ ነው። ማዕዘኑ ከአንድ ዲግሪ ጥቂት ሺኛ ቢዛነፍ ምስሉ ሁለት ይሆናል። ማዕዘኑ ፍጹም ቢሆን እንኳ ጠርዙ ብርሃኑን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ግማሽ የቀኙን ገጽ አስቀድሞ ግራውን ያስከትላል፣ ሌላው በተቃራኒው። ሁለቱ ግማሾች መልሰው ሲገናኙ የብርሃን ሞገዶቻቸው አይገጥሙም፤ ረቂቅ መስመሮችም ይደበዝዛሉ። በፖሮ ፕሪዝም ውስጥ እንዲህ ያለ ጠርዝ ስለሌለ ይህ ችግር የለም። ስለዚህ ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መገባደጃ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ቀጭኑን መነጽር የገዛ ሰው፣ በርካሽ ዋጋ ጥሩ የፖሮ መነጽር ከገዛው ጎረቤቱ በረቂቅ መስመር ረገድ ያነሰ ምስል ያይ ነበር። የከፈለው ለምቾት ነው። ዛይስ በ1988 በጣሪያው ገጾች ላይ ሞገዶቹን የሚያገጥም ቅብ ሲያሳርፍ ነው ምቾትና ጥራት የታረቁት። ሌሎቹም ፈጥነው ተከተሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ወፍ ተመልካቹ ራሱ መሪ የሆነበት ነው። በ1999 ስዋሮቭስኪ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ጣት የሚያልፍበት ክፍተት ያለውን ኢኤል አወጣ፤ በ2004 ዛይስ ፍሎራይድ ያለበትን መስታወት ተጠቅሞ በምስሉ ጠርዝ የሚታየውን የቀለም ጥልፍልፍ ቀነሰ፤ በ2010 ገደማ ስዋሮቭስኪ ምስሉ እስከ ዳር ድረስ ጥርት እንዲል የሚያደርጉ ሌንሶችን ጨመረ፤ በ2014 የዛይስ ኤስኤፍ፣ በ2016 የላይካ (የቀድሞው ላይትዝ) ኖክቲቪድ ተከተሉ። አሁን ወደተያዘው ቁጥር እንመለስ። የ2020ው ኤንኤል ፒዩር 8×42 በ1000 ሜትር ላይ የሚያሳየው ስፋት 159 ሜትር ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የነበረው ዴልትሪንተም 150 ያህል ያሳይ ነበር። በአንድ ምዕተ ዓመት የተጨመረው ዘጠኝ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የዴልትሪንተም ዳር ብዥ ያለ ነው፤ የዓይን መነጽር ያጠለቀ ሰውም ከዚያ ስፋት ብዙውን አያገኘውም ነበር። አዲሱ ስፋቱን ከዳር እስከ ዳር ጥርት አድርጎ፣ መነጽር ላጠለቀውም ላላጠለቀውም እኩል ይሰጣል። የፊት ሌንሱም ስለሰፋ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ከአምስት ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ የ1894ቱ 8×20 ሁለት ተኩል ብቻ ነበር። በቀትር ፀሐይ የዓይን ብሌን ራሱ ከሁለትና ከሦስት ሚሊ ሜትር ስለማይከፈት ልዩነቱ አይታይም፤ ወፎች ከሁሉ በላይ በሚንቀሳቀሱበት በንጋትና በምሽት ግን ይታያል።

ብርሃንን ብቻ መለኪያ ላድርግ የሚል ካለ ደግሞ ያው ኩባንያ ራሱ ይመልስለታል። ስዋሮቭስኪ ዛሬም ሃቢክት የተባለውን የቆየ የፖሮ ሞዴሉን ያመርታል። ኩባንያው በሚያወጣው መግለጫ መሠረት ሃቢክት 8×30 ከገባው ብርሃን 96 በመቶውን ያሳልፋል፤ ኤንኤል ፒዩር 91 በመቶ። ዋጋው ግን ከኤንኤል ፒዩር ግማሽ አይሞላም። ብዙ የሚከፍለው ሰው ያነሰ ብርሃን ያገኛል ማለት ነው! ይህ ማታለል አይደለም። ሃቢክት ዕይታው ጠበብ ይላል፣ መዘውሩ ይጠነክራል፣ መነጽር ላጠለቀ ሰው አይመችም። ውዱ ዋጋ የሚገዛው እነዚህን ማስወገድ ነው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ፣ ለዓመታት የሚመለከት ከሆነ እንዲህ ያለው ምቾት ቅንጦት አይደለም፤ የደከመ ዓይን ያያትን ወፍ ይስታል። በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ለሚወጣ ሰው ግን ልዩነቱ ከገንዘቡ ጋር አይመዛዘንም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ታዲያ ርካሹ ከደረሰበት ውዱ ስምና ዝና ብቻ አይደለምን? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ቅቡ፣ የሞገድ ማስታረቂያው፣ ዝቅተኛ የቀለም ብተና ያለው መስታወት ሁሉ መጀመሪያ የታዩት በውዶቹ ላይ ሲሆን፣ ከአንድ ትውልድ ባነሰ ጊዜ ወደ ታች ወርደዋል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጃፓን፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት ደግሞ ቻይና ይህን አፋጥነውታል። ዛሬ ከ300 እስከ 500 ዶላር የሚሸጥ ጥሩ መነጽር፣ በ1987 ከነበረው ውድ ባለ ጣሪያ መነጽር የማይገኝ ጥራት ይዟል። ግማሽ እውነት ያልኩት ግን የሚወርደው ነገር መጀመሪያ አንድ ቦታ መወለድ ስላለበት ነው። የ1988ቱን ቅብ ማንም ለርካሽ መነጽር ብሎ አይፈጥረውም ነበር። ሌላው፣ ርካሹ የሚቸገረው አሁንም በወጥነት ነው፤ አንዱ ፍሬ ምርጥ ሆኖ ሌላው ሁለቱ ቱቦዎቹ በትክክል ሳይገጥሙ ሊወጣ ይችላል። ያም ሆኖ የላይኞቹ መነጽሮች እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት ዓይን ከዓይን ካለው ልዩነት ያንሳል። እስከ ዳር ጥርት ያለው ምስል መነጽሩ ሲዞር ኳስ ላይ እንደተሳለ የሚንከባለልባቸው ሰዎች አሉ፤ ሌሎች ፈጽሞ አይታያቸውም። ዛይስ፣ ላይካ ወይስ ስዋሮቭስኪ የሚለው ክርክር የማያልቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ዋናው ተመልካቹ እንጂ መነጽሩ አይደለም ይላል። ማስረጃውም ቀላል አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን በክስተን በ1940 ኖርዌይ ላይ ተማርኮ በጀርመን የጦር ምርኮኞች ካምፕ ሳለ፣ ከአጥሩ ውስጥና ውጭ የሚመላለሱ ጥቂት ትንንሽ ወፎችን ከምርኮኛ ጓደኞቹ ጋር ከጎጇቸው እስከ ጫጩቶቻቸው እየተከታተለ መዘገበ። በ1950 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ አንድ የወፍ ዝርያ ከተጻፉት ምርጦች ይቆጠራል። አብረውት ከነበሩት አንዱ ጆርጅ ዋተርስተን ኋላ በስኮትላንዷ ፌር አይል የአዕዋፍ ምልከታ ጣቢያ መሠረተ፤ ሌላው ፒተር ኮንደር የብሪታንያን የአዕዋፍ ጥበቃ ማኅበር መራ። ምርኮኞቹ ግን የነበራቸው ነገር ሌላ ተመልካች የሌለው ነው፤ ማለቂያ የሌለው ጊዜና ከቦታቸው የማይርቁ የታወቁ ወፎች። ትዕግሥት መነጽርን ሊተካ የሚችለው ወፏ ተመልሳ ስትመጣ ነው። አንዴ ታይታ ለማትመለሰው ግን በዚያች ቅጽበት የተገኘው ብርሃን ያለቀለት ነው። በክስተን የሚያስረዳው እንግዲህ መነጽር ከንቱ መሆኑን ሳይሆን፣ ከጊዜ ጋር መመዘን እንዳለበት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሙዚየም ይመጣል፤ መነጽር ያሳያል እንጂ አያስረክብም፣ ስለዚህ ጠመንጃውን አልተካውም የሚል ነው። ለዚህ ከኢትዮጵያ የተሻለ መሞከሪያ አይገኝም። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ በዝሆን ተገድሎ ሲሞት፣ ከሰበሰባቸው ናሙናዎች መካከል ማንም የማያውቃት የቱራኮ ወፍ ተገኘች። በ1896 በስሙ ተሰየመች። ይሁንና ናሙናው የት እንደተያዘ የሚገልጽ ማስታወሻ ስላልነበረው፣ ወፏ በሕይወት የት እንደምትኖር ሳይታወቅ አሥርት ዓመታት አለፉ። ጠመንጃው ስም ሰጠ እንጂ ዕውቀት አልሰጠም። በሌላ በኩል በ1990 ነጭ ሳር ውስጥ መንገድ ላይ ከሞተች ወፍ አንድ ክንፍ ተወሰደ፤ በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ የነጭ ሳር ናይትጃር የተባለች አዲስ ዝርያ ተመዘገበች። በ2009 አራት ተመልካቾች እዚያው ሄደው አየናት ቢሉም ቃላቸው ከክንፏ ጋር እኩል ሊቆም አልቻለም። በሶማሊያም ቡሎ ቡርቴ ላይ የተያዘች አንዲት ወፍ ደሟና ላባዋ ተወስዶ ሳትገደል ተለቀቀች፤ በ1991 አዲስ ዝርያ ተብላ ብትሰየምም በ2008 የሌላ ዝርያ የቀለም ልዩነት መሆኗ ታወቀ። ስም ለመስጠት እንግዲህ ናሙና አሁንም ይፈለጋል። ከስም በኋላ ያለው ግን የመነጽር ግዛት ነው። በ1938 የተሰየመችው የያቤሎና የአካባቢዋ ብርቅዬ ቁራ መሰል ወፍ፣ ከዙሪያዋ ቀዝቀዝ ባለች ጠባብ ቦታ የታጠረች መሆኗ የታወቀው በሕይወት ያሉትን ወፎች ቦታ በቦታ እያዩ በመመዝገብ ነው። ይህን አንድ መሳቢያ ሙሉ የደረቀ ቆዳ አይነግረንም።

በ2024 ስዋሮቭስኪ የታየችውን ወፍ ስም በመስኮቱ ላይ የሚጽፍ ኤኤክስ ቪዚዮ የተባለ 10×32 መነጽር ለገበያ አቀረበ። ማቅረቡ እዚህም ከክንዳችን ልክ አላለፈም። አዲስ የሆነው አቅጣጫው ነው። ከሊፐርሃይ ጀምሮ የመሣሪያው ዕድገት ከዓይንና ከወፍ መካከል ራሱን እያነሣ መሄድ ነበር፤ ይህኛው ግን በመካከል ገብቶ ይፈርዳል። አበው ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል ይላሉ፤ ፒተርሰን ለተራው ሰው ያወረሰው የልብን ፍርድ ነው፤ እሱን ለማሽን ማስረከብ የዕይታ ጥራት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ስለዚህ የታሪኩ ብይን ይህን ይመስላል። መነጽር የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በቀን ስንት ሰዓት፣ በምን ብርሃን፣ በማን ዓይን እንደሚያይ ነው። ኑሮው በወፍ ምልከታ ላይ ለሆነ አስጎብኚ ወይም ተመራማሪ የላይኛው ደረጃ ዋጋውን ያወጣል። ለማኅበራት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በ1966 እንደተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ያለ ተቋም፣ ወይም ለተማሪዎች መነጽር ለመግዛት የሚሻ የትምህርት ቤት ክበብ፣ በአንድ ኤንኤል ፒዩር ዋጋ ስድስት ወይም ሰባት ጥሩ መካከለኛ መነጽሮችን ያገኛል። ትልልቆቹ እንቅፋቶች ከሁሉም ላይ ስለተነሡ፣ ሰባት ሰዎች በሰባት መነጽር የሚያዩት አንድ ሰው በአንድ ምርጥ መነጽር ከሚያየው ይበልጣል።